ሞተር ከመቀየር ፕሮፔለር መቀየር፦ የአክሚ ባለ አራት ክንፍ ለተጫነ የዌክቦርድ ጀልባ

የዌክቦርድ ጀልባ፣ ማለትም ሰሌዳ ላይ የቆመ ተጋላቢ በውሃ ላይ የሚጎትት ጀልባ፣ ከሻጩ ግቢ ሲወጣ ባዶ ነው። ሐይቅ ላይ ሲወርድ ግን 1,000 ሊትር የባላስት ውሃ (ጀልባውን ለማክበድ ሆን ተብሎ የሚሞላ ውሃ)፣ ማለትም አንድ ቶን፣ ይሞላበታል፤ ስምንት ሰው ሲሳፈርበት ደግሞ ሌላ 600 ኪሎ ይጨመራል። ከዚያ አፍንጫውን ሰማይ ላይ ሰቅሎ ያቃስትና «ሞተሩ ደከመ» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የከበደው ማርሹ ነው። የኢንቦርድ ጀልባ፣ ሞተሩ ሆዱ ውስጥ የተቀመጠው፣ እንደ መኪና የሚቀያየር ማርሽ የለውም፤ ወደፊት አንድ፣ ወደኋላ አንድ፣ አለቀ። ያቺን አንዲት የፊት ማርሽ ቀላል ወይም ከባድ የሚያደርጋት ፕሮፔለሩ፣ ከሥር እየዞረ ውሃውን የሚገፋው ባለ ክንፍ ብረት፣ ነው። የጫነ አይሱዙ የአባይ በረሃን በአራተኛ ማርሽ ልውጣ ቢል ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም።

አክሚ የሚባለው ኩባንያ ፕሮፔለሮቹን የሚሠራው ሚሺጋን ውስጥ፣ ቢግ ራፒድስ ነው። ማቴሪያሉ ኒብራል የሚባለው የኒኬል፣ የአልሙኒየምና የነሐስ ቅይጥ ሲሆን ክንፎቹ የመጨረሻ ቅርጻቸውን የሚይዙት በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን ተቆርጠው ነው። በእጅ እየተሞረደ በሚስተካከለው በድሮው አሠራር አንዱ ክንፍ ከሌላው ትንሽ ይለያል፤ ያቺ ትንሽ ልዩነት ወለሉ ላይ ንዝረት ሆና ትሰማለች። አራተኛው ክንፍ ደግሞ ውሃ የሚገፋውን ስፋት ስለሚጨምር በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ከባድ ጭነት ላይ፣ ፕሮፔለሩ ውሃውን ይዞ ይገፋል።

ሲገዛ የሚታዩት ሁለት ቁጥሮች ዲያሜትርና ፒች ናቸው፣ ሁለቱም በኢንች። ፒች ማለት ፕሮፔለሩ እንጨት ውስጥ እንደሚጠመዘዝ ብሎን ቢሆን በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት ነው። ካምቢዮው 1.5 ለ 1 የሆነና 15 ኢንች ፒች የገጠመ ጀልባ እንውሰድ። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ሲዞር ሻፍቱ፣ ፕሮፔለሩ የሚታሰርበት ዘንግ፣ 2,000 ይዞራል፤ በ38.1 ሴንቲሜትር ሲባዛ በሰዓት 45.7 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ውሃ እንጨት አይደለምና 20 በመቶው በመንሸራተት ቢባክን 36.6 ይቀራል፤ ወደ 23 ማይል፣ ዌክቦርድ የሚጋለብበት ፍጥነት። ፒቹን ወደ 13 ብናወርደው ለዚሁ ፍጥነት ሞተሩ ወደ 3,460 መውጣት አለበት። ትርፉ እሱ ነው፦ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ታፍኖ ከመንኳኳትና ከመጋል ይልቅ ጉልበቱ ወዳለበት ከፍ ይላል። ዋጋውም ግልጽ ነው። በዚያው ከፍተኛ ዙር ላይ ያለው ፍጥነት እስከ 13 በመቶ ይቀንሳል፤ ባዶ ጀልባ ይዞ መሮጥ የሚወድ ሰው ይለፈው።

ግን ማን ይግዛ? ጀልባውን እንደ ሁልጊዜው ጭኖ፣ ባላስቱን ሞልቶ፣ ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ሙሉ ነዳጅ ሰጥቶ የዙሩን ቁጥር ማንበብ ነው። የሞተሩ መመሪያ በሙሉ ነዳጅ ሊደርስ የሚገባውን ክልል ይጽፋል። ያ ክልል ከ4,600 እስከ 5,000 ሆኖ ጀልባው 4,100 ላይ ከቆመ ፕሮፔለሩ ከብዶታል። አንድ ኢንች ፒች መቀነስ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል። ሆኖም ፒቹ ብዙ ከወረደ ባላስቱ ሲፈስ ሞተሩ ከጣሪያው ያልፋል፤ ሁለት ኢንች ለብዙዎች ይበቃል።

ከመለካቱ በፊት ነጻ የሆነ ምርመራ አለ፣ ብዙ ሰው የሚዘለው። ሞተሩ ጠፍቶ የአየር ማስገቢያው ክዳን ይነሳ፤ አንዱ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ይግፋ፣ ሌላው ወደ ውስጥ ይመልከት። የአየር በሩ ሙሉ በሙሉ ካልተከፈተ ችግሩ የላላ ኬብል ነው፤ እንደ አዲስ ፕሮፔለር 500 ዶላር አያስወጣም። ያረጀ ካንዴላ፣ የተዘጋ የቤንዚን ፊልትሮ፣ ጫፉ የታጠፈ የድሮ ክንፍም እንዲሁ ያታልላል።

ከፍታም ይቆጠር። በየ300 ሜትሩ ሞተር 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ባለው የታሆ ሐይቅ ወደ አንድ አምስተኛው ይጠጋል። ጣናም ከዚያ ብዙ አይርቅም፣ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ፒች መቀነስ ባዶ ለሚሄድ ጀልባ እንኳ ያስፈልጋል።

ትእዛዝ ላይ የሚፈጸመው ትልቁ ስህተት የዙር አቅጣጫ ነው፤ ግራ ዙርና ቀኝ ዙር አይተካኩም። ዲያሜትሩም ከጀልባው ሆድ ጋር ይለካ። በክንፉ ጫፍና በሆዱ መካከል ቢያንስ የዲያሜትሩ 10 በመቶ ክፍተት ይኑር፤ ለ14.5 ኢንች ወደ 3.7 ሴንቲሜትር መሆኑ ነው።

አሮጌው በመንቀያ ይውጣ፣ በመዶሻ አይደለም፤ መዶሻ ሻፍት ያጎብጣል። አዲሱ መጀመሪያ አራት ማዕዘኗ ማያያዣ ብረት ሳትገባ ሻፍቱ ላይ ተገፍቶ የደረሰበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረግ። ከዚያ ብረቷ ገብታ እንደገና ይሞከር። ምልክቱ ጋ ካልደረሰ ፕሮፔለሩ የተቀመጠው በሾጣጣው ሻፍት ላይ ሳይሆን በብረቷ ላይ ነው፤ እንዲህ ከታሰረ ይንቀጠቀጣል፣ ኋላም ይላላል። መፍትሔው ብረቷን ከላይ በሞረድ ትንሽ ማሳነስ ነው። ባለ ናይለኑ ዳዶ አዲስ ይሁን፤ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላም ጥብቀቱ ይታይ። ፍጥነት የሚይዘው መቆጣጠሪያም አዲሱን ፕሮፔለር በቅንብሩ ውስጥ ማወቅ አለበት፤ አለዚያ ተጋላቢውን ሲጎትት ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ ይላል።

ዋጋው ከ500 ዶላር በላይ ነው፤ ለአንድ ቁራጭ ብረት ይከብዳል፣ ከሞተር ጋር ሲተያይ ግን የትም አይደርስም። ቀጭኑ ክንፍ ግንድ ሲመታ ይታጠፋል፤ ኒብራል ስለሆነ ግን ይጠገናል። አሮጌው ፕሮፔለር አይሸጥ፤ ከመንቀያው፣ ከትርፍ ዳዶና ፒን ጋር ወንበር ሥር ይቀመጥ። በእሱ ሲመለሱ ባላስቱን ማፍሰስ ነው።