ኦቾሎኒ ለጨቅላ፦ ማዘግየት ወይስ ቶሎ ማስጀመር?

በ2000 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ፣ ለአለርጂ የተጋለጡ ልጆች 3 ዓመት ሳይሞላቸው ኦቾሎኒ እንዳይቀምሱ መከረ። ለወላጅ ጆሮ ደስ የሚል ምክር ነው፤ የሚያስፈራውን ከልጁ ማራቅ ማን ይጠላል? ግን በቂ ማስረጃ አልነበረውም፤ በ2008 ተነሳ።

ሌላኛው መንገድ ፍንጩን ያገኘው ከእስራኤል ነው። እዚያ ሕፃናት ገና ጥርስ ሳያወጡ ጀምሮ አፍ ውስጥ የሚሟሟውን የኦቾሎኒ መክሰስ፣ ባምባን፣ ይበላሉ። ቴል አቪቭ ዘመድ ያለው ሰው ባምባን ሳያውቀው አይቀርም። በዚያው 2008 የወጣ ጥናት የአይሁድ ልጆችን ሲያነጻጽር የኦቾሎኒ አለርጂ በብሪታንያ 1.85 በመቶ፣ በእስራኤል ግን 0.17 በመቶ ሆኖ ተገኘ።

አጋጣሚ ይሆን? የለንደን ኪንግስ ኮሌጁ ጊዲዮን ላክና ባልደረቦቹ ከ4 እስከ 11 ወር የሆናቸው፣ ብርቱ ኤክዚማ (ቆዳን የሚያሳክክ ሕመም) ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው 640 ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ውጤቱ በ2015 ወጣ። በ5 ዓመታቸው የኦቾሎኒ አለርጂ የያዛቸው፣ ኦቾሎኒ ከተከለከሉት 17.2 በመቶ፣ ከበሉት ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ።

ለእኔ ፍርዱ ግልጽ ነው፤ ማስጀመሩ ይሻላል። ማራቅ የሚያዋጣው አለርጂው ለተረጋገጠበት ልጅ ነው። ብርቱ ኤክዚማ ያለበት ሕፃን አስቀድሞ ሐኪም ይየው። ፍሬውን እንዳለ መስጠት ግን ያንቃል፤ ልሞ በውኃ ወይም በጡት ወተት የቀጠነ የኦቾሎኒ ቅቤ ይስጡት።