ለአንድ ኮልት ሁለት ገማች፦ የቱ ክፍያው ይገባዋል?

ሽጉጡን መጀመሪያ ሳየው ልቤ ቀጥ አለ። ኮልት ሲንግል አክሽን አርሚ ነው፤ በ1873 መመረት የጀመረው፣ ሁሉም ሰው በፊልም የሚያውቀው ስድስት ጎራሽ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ቦዲው ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ያብረቀርቃል። መምቻው ወደ ኋላ ሲሳብ እነዚያን የታወቁ አራት ድምፆች ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ለዓመታት ስፈልገው የኖርኩት ዕቃ ነው። ሻጩ የጠራው ዋጋ ግን ያጠራቀምኩትን ሁሉ ጠራርጎ የሚወስድ ነበር።

ስለዚህ ከመክፈሌ በፊት ላስገምት ወሰንኩ። በሁለት ወር ውስጥ ሁለት አገልግሎት ሞከርኩ። ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። የድሮ ሪቮልቨር (ባለ ተሽከርካሪ ከበሮ ሽጉጥ) ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ያየሁትን እንደወረደ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው በፎቶ ብቻ የሚገምት የኢንተርኔት አገልግሎት ነው። ስሙን አልጠቅስም። ስምንት ፎቶ ላኩ አሉኝ፣ ላክሁ። በሁለተኛው ቀን ግማሽ ገጽ መጣልኝ። «ይዞታው በጣም ጥሩ» ይላል። ከዚያ ዝቅተኛ ዋጋና ከፍተኛ ዋጋ። ከፍተኛው የዝቅተኛው ሦስት እጥፍ ነው! በዚህ መሀል የማይገባ ምን ሽጉጥ አለ? ቁጥሩን ከየት አመጣችሁት ብዬ ጻፍኩ። «ከወቅቱ ገበያ» የሚል አንድ መስመር መለሱልኝ። ሽጉጡ ቀለሙ ታድሶ እንደሆነ፣ በየአካሉ ላይ የተመቱት መለያ ቁጥሮች ይገጥሙ እንደሆነ፣ አንድም ቃል የለም። ከገጹ ግርጌ ደግሞ «መሸጥ ከፈለጉ እኛ እንገዛለን» የሚል ነበረበት። ይሄ በጣም አስከፋኝ። ገማች ገዢም ከሆነ፣ ግምቱ ወደ ራሱ ኪስ እንደማያደላ በምን አውቃለሁ? ለዚህ አገልግሎት የከፈልኩት ያንገበግበኛል። ለማንም አልመክረውም።

ሁለተኛው አንድ አዛውንት ናቸው። ረጅም ዕድሜያቸውን የጦር መሣሪያ ሲጠግኑ ኖረው አሁን ግምት ብቻ ይሠራሉ። አይገዙም፣ አይሸጡም። የሚያስከፍሉት በሰዓት ነው፤ ሒሳቡንም አስቀድመው ይናገራሉ። ከሽጉጡ ዋጋ ላይ በመቶኛ አይቆርጡም። ይህን ልብ በሉ። በመቶኛ የሚከፈለው ሰው ዋጋው ከፍ ባለ ቁጥር እሱም ይጠቀማል።

ስደውልላቸው ስለ ሽጉጡ ውበት ለማውራት ቸኩዬ ነበር። እሳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «የፋብሪካ ደብዳቤ አለው?»

የለውም። «እንግዲያው መጀመሪያ እሱን አስመጣ፣ ከዚያ እንገናኝ» አሉኝና ስልኩን ዘጉ። ሻጩም ሽጉጡን እስከዚያ ለማንም ላይሸጥብኝ ተስማማ።

የፋብሪካ ደብዳቤ ማለት ይሄ ነው። ሠሪው የኮልት ኩባንያ የድሮ የመላኪያ መዝገቦቹን ይዞ ቆይቷል። የሽጉጡን መለያ ቁጥር ልከህ ስትከፍል፣ መዝገቡ ውስጥ ያለውን በደብዳቤ ይጽፉልሃል። ካሊበሩ (የጥይቱ ስፋት) ስንት ነበር፣ የአፈሙዙ ርዝመት ስንት ኢንች ነበር፣ ቅቡ ምን ነበር፣ መቼ ተላከ፣ ለማን ተላከ፣ በዚያ ጭነት ውስጥ ስንት ሽጉጥ ነበር። ሌላው የአሜሪካ ሽጉጥ ሠሪ ስሚዝ ኤንድ ዌሰንም በታሪክ ፋውንዴሽኑ በኩል ተመሳሳይ አገልግሎት አለው። ሳምንታት አስጠብቆኛል፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ወጪ እሱ ነው።

ደብዳቤው ሲመጣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ከፈትኩት። ካሊበር ነጥብ 45። ቅቡ ብሉ የሚባለው ጥቁር ሰማያዊ። በ1893 ለአንድ የብረታ ብረት ነጋዴ ከሌሎች አሥራ አንድ ሽጉጦች ጋር ተልኳል። እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። የአፈሙዝ ርዝመት፦ 7 ኢንች ተኩል።

ሻጩ ጋ ያለው ሽጉጥ 5 ኢንች ተኩል ነው።

ሻጩን ስጠይቀው አልደነገጠም። «አርቲለሪ የሚባለው ሞዴል ነው፤ የቆረጠው ራሱ ጦሩ ነው» አለኝ። ይህ መልስ እንዲሁ የሚናቅ አይደለም። የአሜሪካ ጦር ለፈረሰኞች የገዛቸውን ባለ 7 ኢንች ተኩል ኮልቶች በ1890ዎቹ አጋማሽና ከዚያ በኋላ ሰብስቦ ወደ 5 ኢንች ተኩል አሳጥሯል። ሰብሳቢዎች አርቲለሪ የሚሏቸው እነዚህን ነው። በእነሱ ላይ መቆረጡ ነውር አይደለም፤ የታሪካቸው አካል ነው። ሲታደሱ ተፈታትተው ስለተቀላቀሉም ብዙዎቹ ላይ ቁጥሮቹ አይገጥሙም። ዋጋቸውም ደህና ነው። ስለዚህ «ተቆርጧል» ማለት ብቻውን ምንም አይነግርህም። ማን ቆረጠው ነው ጥያቄው።

ከሻጩ ጋር ተያይዘን አዛውንቱ ጋ ሄድን። መጀመሪያ ሽጉጡን ተቀብለው የመጫኛውን በር ከፍተው ከበሮውን ጎጆ በጎጆ አዞሩ። ስድስቱም ባዶ መሆኑን ካዩ በኋላ ነው ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጡት። አጉሊ መነጽር፣ ትንሽ ባትሪ፣ ማስመሪያ፣ ለስላሳ ጨርቅ። ሌላ መሣሪያ የለም። ባትሪውን ከላይ አላበሩም፤ ከጎን አጋድመው ነው ያበሩት። ብርሃኑ በብረቱ ላይ ሲንሸራተት፣ እኔ ያብረቀርቃል ብዬ የወደድኩት ገጽ እንደ ውኃ ሞገድ ወጣ ገባ ሆኖ ታየኝ።

«ልጄ፣ ብሎኖቹን እይ» አሉኝ። የአንደኛው ብሎን ራስ በካቻቢቴ ተፋፍቋል። «ይሄ ምንም አይደል። ቀዳዳውን እይ።» ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያው ስል መሆን ነበረበት። እንደ ሰሃን ጎድጎድ ብሏል። ብረቱ በማሽን ሲፈተግ የቀዳዳው ጠርዝ ቀድሞ ይበላል። ከዚያ ወደ ጽሑፉ ሄዱ። በቦዲው ግራ በኩል የተመታው የፓተንት ቀን ግማሹ ደብዝዟል። የቦዲው ማዕዘኖች ሹል መሆናቸው ቀርቶ ዶልዱመዋል። ቦዲው ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ እንደ አፈሙዙ ሰማያዊ አልነበረም። በሙቀት የሚመጣ ቡናማ፣ ግራጫና ሰማያዊ የተዘበራረቀበት ቀለም ነበረው። ይሄኛው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ነው። ማለትም አንድ ሰው ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀትና በማሽን ፍቆ፣ ሁሉንም እንደገና ቀብቶታል። እኔን ያማለለኝ ያ ማብረቅረቅ የዋጋው ጠላት ነበር።

ቀጥሎ ወደ አፈሙዙ። አናቱ ላይ የኮልት አድራሻ በአንድ መስመር ተጽፏል። ፋብሪካው ይህን ጽሑፍ በአፈሙዙ ርዝመት መሀል ላይ ነው የሚያሳርፈው። በማስመሪያ ለኩት። ወደ ጫፉ ተጠግቷል። ከፊት ያለው ማነጣጠሪያ ሥር ደግሞ በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚታይ ቀጭን የብየዳ መስመር አለ። ተቆርጧል፣ ማነጣጠሪያውም ተነቅሎ ወደ ኋላ ተተክሏል።

አሁን ጥያቄው ማን ቆረጠው ነው። የጦር ሽጉጥ ቦዲው ላይ «ዩ ኤስ» የሚል ምልክት ይመታበታል። እዚህ የለም። ሻጩ «ሲፈተግ ጠፍቶ ይሆናል» አለ። ሊሆን ይችላል። አዛውንቱም አልተቆጡም። ሽጉጡን ገልብጠው ቦዲው፣ የምላጩ ከለላና የእጀታው ጀርባ ላይ ያለውን መለያ ቁጥር አሳዩት። ሦስቱም አንድ ናቸው። ከዚያ ደብዳቤውን አጠገቡ ዘረጉለት። ለብረታ ብረት ነጋዴ የተላከ ሽጉጥ ነው። ጦር ግምጃ ቤት የገባበት ምንም ማስረጃ የለም። የቆረጠው የኋላ ባለቤት ነው፤ ምናልባት በመጋዝ፣ ጓሮው ውስጥ።

እዚህ ላይ ነው ግምቱ የተጀመረው። በአሜሪካ ሰብሳቢዎች ዘንድ የተለመደው የብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበሩ የይዞታ ደረጃ አለ። ለጥንታዊ መሣሪያ «ኤክሰለንት» ለመባል ሁሉም አካል ኦሪጅናል ሆኖ ከ80 በመቶ በላይ የፋብሪካ ቅብ መቅረት አለበት። «ፋይን» ከ30 በመቶ በላይ ይፈልጋል። ቁልፉ «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ነው። ትናንት የተቀባ መቶ በመቶ ሰማያዊ እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ያልተነካ ግራጫና ቡናማ የወረሰው ሽጉጥ፣ አምሮ ከታደሰው ይበልጣል። ይሄን ነገር ለመቀበል ጊዜ ወስዶብኛል፤ አሁን ግን ያልተነካ ብረት ሳይ ነው ልቤ የሚደነግጠው።

ከዚያ አዛውንቱ ማነጻጸሪያ አወጡ። የተጠየቀ ዋጋ ሳይሆን የተሸጠ ዋጋ። ማንም ሰው ዕቃው ላይ የፈለገውን ቁጥር ለጥፎ ዓመት ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ያ ዋጋ አይባልም። በሪፖርታቸው ያስገቡት ባለፉት ሦስት ዓመታት በጨረታ የተሸጡ፣ የተቆረጡና የታደሱ አምስት ተመሳሳይ ኮልቶችን ነው። በእያንዳንዱ ላይ ከመዶሻው ዋጋ (ጨረታው ከተዘጋበት) በላይ ገዢው ለጨረታ ቤቱ የጨመረውን ኮሚሽን ለይተው ጽፈዋል። ይህን የማይለይ ገማች አንዱን ከነኮሚሽኑ፣ ሌላውን ያለኮሚሽኑ እያነጻጸረ ያሳስትሃል። የመጨረሻው ቁጥር ሻጩ ከጠየቀው ከሲሶው ትንሽ ከፍ ይላል።

ሻጩ በዝምታ ቆየና «ግን እኮ ብርቅ ነው» አለ። አዛውንቱ የመለሱለት ለእኔም ትምህርት ሆነኝ። ብርቅና ተፈላጊ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቤልጂየም ሊየዥ ስማቸው እንኳ የማይታወቅ ትንንሽ ወርክሾፖች የሠሯቸው ሪቮልቨሮች አሉ። አንዳንዱ መንታ የለውም፤ የሚጠይቀው ሰውም የለም። የ1847ቱ ኮልት ዎከር ግን 1,100 ብቻ ነው የተሠራው፤ ሁለት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ግዙፍ ነገር ነው፤ ዓለም ሁሉ ይፈልገዋል። ከነሳጥኑ የተረፈ አንድ ዎከር በ2018 በአሜሪካ ጨረታ 1.84 ሚሊዮን ዶላር ወጥቷል።

ታሪክ ደግሞ ራሱን የቻለ ዋጋ አለው። ፈረንሳዊው ገጣሚ ፖል ቬርሌን በ1873 ብራሰልስ ውስጥ ሌላውን ገጣሚ አርተር ራምቦን ያቆሰለበት ሪቮልቨር በ2016 ፓሪስ ላይ 434,500 ዩሮ ተሽጧል። ራምቦ በኋላ ሐረር የኖረው ያው ራምቦ ነው። ሽጉጡ ሌፎሾ የሚባለው ዓይነት ተራ ባለ 7 ሚሊሜትር ነው፤ ያለዚያ ታሪክ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። የአሜሪካው ሸሪፍ ፓት ጋሬት ታዋቂውን ሽፍታ ቢሊ ዘ ኪድን የገደለበት ኮልትም በ2021 ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቷል። ያ ሽጉጥ ከእኛው ጋር አንድ ሞዴል ነው! ልዩነቱ ወረቀቱ ነው። የእነዚያን ታሪክ ከእጅ ወደ እጅ የሚያያይዝ ሰነድ አለ። «አያቴ እንዳወሩኝ» ብቻ ከሆነ ግን አንድ ሳንቲም አትጨምሩበት።

የአዛውንቱ አገልግሎት እንከን የለውም አልልም። አራት ገጹን ሪፖርት ለማግኘት ሦስት ሳምንት ጠብቄያለሁ። ፎቶዎቹ ጨለም ያሉ ናቸው። ለኢንሹራንስ የሚሆነውን ዋጋ ለብቻው ቢያስቀምጡልኝ ጥሩ ነበር፤ የመተኪያ ዋጋና የመሸጫ ዋጋ አንድ አይደሉምና። የእጅ ጽሑፋቸውንም ለማንበብ ተቸግሬያለሁ። ግን እያንዳንዱ የዋጋ ቅናሽ ከጎኑ ምክንያት አለው። «አፈሙዝ ተቆርጧል፣ ገጽ 2 ፎቶ 5» ይላል። እኔም ሻጩም እኩል ልናየው የምንችለው ነገር ነው። እኔ ለግምት ስከፍል የምገዛው ይሄንን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የመሣሪያ ሕግ ከአገር አገር ይለያያል፤ ዋጋ ላይም ይገባል። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እስከ 1898 መጨረሻ የተሠራ ሽጉጥ ጥንታዊ ስለሚባል ግዢው ይቀላል። ስለዚህ የ1898ና የ1899 ሁለት ተመሳሳይ ሽጉጦች ዋጋቸው ሊለያይ ይችላል። ፈቃዱን ሳታጣሩ ዋጋ ውስጥ አትግቡ።

ሻጩን ልወቅሰው አልችልም። እሱም ሲገዛው አርቲለሪ ተብሎ ነው የተሸጠለት። ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። አጉሊ መነጽሩን ከአዛውንቱ ተቀብሎ ማነጣጠሪያው ሥር ያለውን የብየዳ መስመር ራሱ ፈለገ። ሲያገኘው ቀና ብሎ «ይኸውና» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። በአሥረኛው ቀን ደወለልኝና በሪፖርቱ ዋጋ ተስማማን። ስንፈራረም የአዛውንቱን ስልክ ጠየቀኝ። ቤቱ ዌብሊ የሚባሉ ሁለት የእንግሊዝ ሪቮልቨሮች አሉት። ከበሯቸው ከኋላ ተፍቆ ለአሜሪካው ነጥብ 45 ጥይት እንዲሆን ተለውጦ እንደሆነ ማወቅ ፈልጓል።