አክቲቭ ስፒከር፦ ገንዘቡ የሚገባው የት ላይ ነው?

ሳጥኑ ላይ «አክቲቭ» የሚል የተጻፈበት ስፒከር ሁሉ አክቲቭ አይደለም። የሚለየው ክሮስኦቨሩ (ድምፁን ወደ ወፍራምና ቀጭን የሚከፍለው ክፍል) ባለበት ቦታ ነው። ሲግናሉ ገና ደካማ ሳለ ለዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ ለሚያወጣው) እና ለትዊተር (ቀጭኑን ለሚያወጣው) ተከፍሎ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አምፕሊፋየር ከተነዱ፣ እሱ አክቲቭ ነው። በአንድ አምፕሊፋየር ከጎለበተ በኋላ በኮይልና በካፓሲተር የሚከፈል ከሆነ ግን አምፕሊፋየር የተገጠመለት ተራ ስፒከር ነው። ለማወቅ ሳጥኑን መፍታት አያስፈልግም፤ ጀርባውን ይዩ። ሁለተኛው ሳጥን የራሱ የመብራት ገመድ ከሌለውና ከመጀመሪያው ጋር በሁለት መስመር ሽቦ ብቻ ከተገናኘ፣ አክቲቭ አይደለም። አራት መስመር ያለው ገመድ ከሆነ ለትዊተሩና ለዉፈሩ ለየብቻ እየተላከ ሊሆን ይችላል።

ኤዲፋየር አር1280ቲ አምፕሊፋየር የተገጠመለት ተራ ስፒከር ነው። ባለ 4 ኢንች ዉፈር፣ 13 ሚሊሜትር ትዊተር፣ ለሁለቱ ሳጥን በድምሩ 42 ዋት። ከኮምፒውተር አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ጥሩ ነው፤ ሪሞትና የባስ ማስተካከያም አለው። «አክቲቭ ከፓሲቭ (የራሱ አምፕሊፋየር ከሌለው፣ ከውጭ አምፕሊፋየር ከሚነዳው) ይሻላል» ለሚለው ክርክር ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ለማንም ወገን።

የእውነተኛው አክቲቭ ጥቅም ምንድነው? ብዙ የሚወራለት አምፕሊፋየሩ ዉፈሩን «ጨብጦ ይይዛል» የሚለው ነው። ይህ ከሚባለው ያነሰ ነው። የፓሲቭ ክሮስኦቨር ኮይል የሚጨምረው ሬዚስታንስ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ኦም በታች ሲሆን፣ ባለ 8 ኦም ዉፈር የራሱ ኮይል ብቻውን ወደ 6 ኦም ይጠጋል። ዋናው ጥቅም ሌላ ነው። የፓሲቭ ክሮስኦቨር መክፈያ ነጥብ በስፒከሩ ኢምፒዳንስ (ለኤሌክትሪክ ሲግናሉ በሚያሳየው ተቃውሞ) ላይ የተመሠረተ ነው፤ ኢምፒዳንሱ ደግሞ ከፍሪኩዌንሲ ጋር ይለዋወጣል፣ ኮይሉ ሲሞቅም ይጨምራል። በአክቲቭ ስፒከር ግን ክሮስኦቨሩ ይህን አያየውም። በዚያ ላይ የዉፈሩና የትዊተሩ የድምፅ መጠን ፋብሪካ ውስጥ በመለኪያ ይስተካከላል፣ ሊሚተር (ሲግናሉ ከልክ እንዳያልፍ የሚገድብ) ይገጠማል፣ የባሱ አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ተነድቶ የሞገዱን ጫፍ ቢቆርጥ እንኳ ያ ብልሽት ወደ ትዊተሩ አይሄድም።

ጄኔሌክ 8030ሲ ይህን በጥሩ ሁኔታ ያሳያል። ባለ 5 ኢንች ዉፈሩና ትዊተሩ እያንዳንዳቸው 50 ዋት አላቸው፤ መክፈያው 3 ኪሎኸርዝ ላይ ነው፤ ከ54 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ በ2 ዴሲቤል ልዩነት ውስጥ ይቆያል። «50 ዋት ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ዋት ብቻውን ምንም አይነግርም፤ የሚጠቅመው ቁጥር በ1 ሜትር ላይ የሚሰጠው 104 ዴሲቤል ነው። ክፍት ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ስለዚህ በ1 ሜትር ተኩል ለሚያዳምጥ ይተርፋል፣ በሰፊ ሳሎን ውስጥ ድግስ ለሚያስብ ያጥራል። ጀርባው ላይ ያሉትን ትናንሽ ማብሪያዎች ሳይነኩ መተው ግን ማባከን ነው። ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡት 160 ኸርዝ አካባቢ 4 ዴሲቤል የሚቀንሰውን ያብሩ፤ ከጠረጴዛው ተንጸባርቆ የሚመጣው እብጠት ይጠፋል። ለግድግዳ ከተጠጋ የባሱን ማብሪያ ይቀንሱ።

ጉድለቱ? ኤክስኤልአር (ባለ ሦስት ፒን የስቱዲዮ መሰኪያ) ግቤት ብቻ ነው ያለው። ሪሞት የለም፣ ብሉቱዝ የለም፣ ድምፁን የሚቆጣጠሩት ከምንጩ ነው። አርሲኤ (በቤት ዕቃዎች ላይ የተለመደው ክብ መሰኪያ) መውጫ ካለዎት ሁለት የውስጥ መስመርና ሺልድ (መስመሮቹን የሚሸፍን የብረት መረብ) ያለው ገመድ ያሠሩ፦ የኤክስኤልአሩ ፒን 2 ከአርሲኤው መሃል፣ ፒን 3 ከውጨኛው ቀለበት ጋር፤ ሺልዱ ከፒን 1 ተነሥቶ እዚያው ቀለበት ላይ ያርፋል። እንዲህ ሲሠራ «ሁምም» የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። እምቢ ካለ በገመዱ መስመር ላይ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር (ሲግናሉን ያለ ቀጥተኛ የሽቦ ግንኙነት የሚያሻግር) ይግባ። የመብራት ሶኬቱን የመሬት እግር ቆርጦ ዝም ማሰኘት ግን ሰው የሚገድል ብልሃት ነው።

ከትዊተሩ የሚሰማው «ሽሽሽ» ሌላ ጉዳይ ነው፤ በገመድ አይፈታም። ፓሲቭ ስፒከር ውስጥ ትዊተሩን የሚያዳክም ሬዚስተር የአምፕሊፋየሩንም ሽሽታ አብሮ ያዳክማል። አክቲቭ ላይ አምፕሊፋየሩ በቀጥታ ከትዊተሩ ጋር ስለተያያዘ፣ ርካሾቹ ላይ በግማሽ ሜትር ርቀት በግልጽ ይሰማል። ሱቅ ውስጥ አይታወቅዎትም፣ ማታ ክፍሉ ጸጥ ሲል ነው የሚያናድደው። ከመግዛትዎ በፊት ምንም ሳይጫወት ጆሮዎን ያስጠጉ።

ኬፍ ኤልኤስ50 ዋየርለስ 2 በተቃራኒው ጫፍ ነው። ትዊተሩ በዉፈሩ መሃል ተቀምጧል፤ በእያንዳንዱ ሳጥን ለባሱ 280፣ ለትዊተሩ 100 ዋት፤ ኔትወርክ፣ ኤችዲኤምአይ፣ ኦፕቲካል ሁሉም አለ። ሁለቱ ሳጥኖች ያለ ሽቦ በ96 ኪሎኸርዝ (የዲጂታል ድምፁ ናሙና ፍጥነት) ይገናኛሉ፣ በገመድ ሲያያዙ 192 ይደርሳል። የገመዱ ትክክለኛ ጥቅም ግን በቁጥሩ ልዩነት ላይ ሳይሆን ግንኙነቱ እንዳይቋረጥ ማድረጉ ላይ ነው። ሁሉም ነገር በዲኤስፒ (ድምፁን በዲጂታል መልክ በሚያቀነባብር ቺፕ) ስለሚያልፍ የአናሎግ ግቤቱም ዲጂታል ይሆናል፤ የሸክላ ማጫወቻ ያላችሁ ይህን ዕወቁ፣ አይጎዳም።

ከዚህች ሳጥን የሚወጣው ባስ ያስገርማል፤ የሚከፈልበት ዋጋ ግን አለ። በአንድ ዓይነት ድምፅ መጠን አንድ ኦክታቭ (በፍሪኩዌንሲ ግማሽ) ዝቅ ለማለት ዉፈሩ አራት እጥፍ መንቀሳቀስ አለበት። ዲኤስፒው ይህን ፊዚክስ አይሽርም፤ ድምፁን ሲጨምሩ ዉፈሩን ለማዳን ባሱን እየቀነሰ ይሄዳል። ክፍሉንም አያስተካክልም፦ 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 43 ኸርዝ አካባቢ ያስተጋባል። ያበጠውን መቁረጥ ይቻላል፣ የጠፋበትን ቦታ በመጨመር መሙላት ግን አምፕሊፋየሩን ከማድከም ያለፈ ፋይዳ የለውም።

ዋጋን በተመለከተ ትክክለኛው ንጽጽር ከፓሲቭ ስፒከር ጋር ብቻ ሳይሆን ከፓሲቭ ስፒከር፣ ከአምፕሊፋየር፣ ከዲኤሲ (ዲጂታሉን ወደ አናሎግ ከሚቀይረው)፣ ከኔትወርክ ማጫወቻና ከገመድ ድምር ጋር ነው። በዚህ ሒሳብ ሁሉንም ከዜሮ ለሚገዛ አክቲቭ ያሸንፋል። ጥሩ አምፕሊፋየር ላለው ሰው ክርክሩ ወዲያው ይገለበጣል።

ዕድሜ ላይ ግን ፓሲቩ ይበልጣል። በአክቲቭ ሳጥን ውስጥ ያለው የኃይል መስጫ ከሙቀቱ ጋር ተዘግቶ ይኖራል፤ ቀድመው የሚደክሙት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮቹ ናቸው። ምልክቱ ሲበራ መዘግየት፣ ጠቅ ጠቅ ማለት ወይም በራሱ መጥፋት ነው። (ድምፁ ዝቅ ሲል ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ግን ብልሽት ሳይሆን ራሱን የሚያስተኛው ሥርዓት ነው፤ ማጥፊያውን ይፈልጉ።) ስማርት የሆኑት ላይ ደግሞ አፑ መታደስ ሲያቆም ኔትወርኩ ዋጋ ያጣል፤ ስለዚህ ያለ አፕ የሚሠራ ኦፕቲካል ወይም አናሎግ ግቤት የሌለውን አይግዙ። ያገለገለ ከሆነ ሁለቱንም ሳጥን ቢያንስ ለአንድ ሰዓት አስጫውቱ፣ አጥፍታችሁ መልሳችሁ አብሩ፤ የአምፕሊፋየር ቦርዱ ለብቻው ይሸጥ እንደሆነም ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት ጠይቁ።