ኢላስቶግራፊ ያለው አልትራሳውንዴ፦ ከወራት በኋላ

«ዶክተር፣ እጢው ሲቃጠል ላይቭ ነው የሚያዩት!» ይሄን ያለኝ ሻጩ ነው። እኛ ክሊኒክ የጉበት እጢ አይቃጠልም። ሌላ ቦታ ታክመው ጅማ የሚመለሱ ግን አሉ፤ ነገሩን ለማወቅ ጓጓሁ። ኢላስቶግራፊ ለምትባለው፣ የሥጋን ጥንካሬ በቀለም ለምታሳየው ቁልፍ ተጨማሪ ብር ስለከፈልኩ የማወራውም ስለ እሷ ነው። የቀረው ማሽን ደህና ነው። እርግዝናውን፣ ኩላሊቱን፣ የሐሞት ጠጠሩን ያሳያል። መብራት ሲጠፋም ባትሪው ይይዛል።

እጢ የሚቃጠልበት ዘዴ ማይክሮዌቭም ሆነ ሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ፣ ሥራው አንድ ነው፤ መርፌ ጉበት ውስጥ አስገብቶ እጢውን ማብሰል። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ሴሉ ወዲያው ይሞታል፤ ሥጋው እንደ ተቀቀለ እንቁላል ይጠነክራል። ተራው አልትራሳውንድ ይሄን ጥንካሬ አያይም። የሚያየው ሙቀቱ የሚፈጥረውን አረፋ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ነጭ ደመና ይሆናል። ደመናው ደግሞ የተቃጠለውን ልክ በትክክል አይነግርም። ኢላስቶግራፊ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ፕሮቡን (ሰውነት ላይ የሚያርፈውን የማሽኑን እጀታ) ቀስ አድርገው ሲጫኑት ለስላሳው ይጨመቃል፣ ጠንካራው እምቢ ይላል፤ ማሽኑ ልዩነቱን በቀለም ይቀባል። በእኔ ማሽን ሰማያዊ ማለት ጠንካራ ነው። በሌላ ኩባንያ ማሽን ቀለሙ ተገላቢጦሽ ሊሆን ስለሚችል ምስል ስትለዋወጡ ተጠንቀቁ።

ልሞክረው ብዬ እዚሁ ጅማ መርካቶ ወርጄ ትኩስ የበሬ ጉበት ገዛሁ። የልኳንዳው ልጅ «ለዱለት ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት፤ ሌላ ምን ልበለው? ከሞባይል ጠጋኝ ጎረቤቴ መበየጃ ተዋስኩ። ፕሮቡን በጓንት ሸፈንኩ (ታካሚዎቼ፣ አትደንግጡ)፣ ጉበቱን ሳህን ላይ አድርጌ ጄል ቀባሁት፣ መበየጃውን ከጎን ሰካሁበት።

እስኪግል ድረስ ምስሉ ቆንጆ ነበር። ቺስ ማለት ሲጀምር ነጩ ደመና መጣ፣ ቀለሙም አበደ። ሰማያዊ ይሆናል፣ ቀይ ይሆናል፣ ይበጣጠሳል። ማሽኑ የሚሠራው ሳይጫኑትና ሲጫኑት የሚመለሰውን ድምፅ እያነጻጸረ ነው። አረፋው በየቅጽበቱ ሲለዋወጥ የሚያነጻጽረው ያጣል። ላይቭ የተባለው እንግዲህ ይሄ ነው፤ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት የሚጠፋ ምስል። አንተ ሻጩ፣ «እጅዎ ተንቀጥቅጦ ነው» ትለኝ ይሆናል። እሺ ወንድሜ፣ ሕያው ሰው ላይስ? ይተነፍሳል፣ ልቡ ይመታል፣ ጉበቱም አብሮ ይወጣል ይወርዳል። ሳህን ላይ ዝም ብሎ ከተኛ ጉበት የተሻለ ታካሚ ከየት ላምጣልህ?

መበየጃውን ነቅዬ ቡና ጠጥቼ ተመለስኩ። አረፋው ጠፍቷል። ያኔ ግን ሐቁን ልናገር፣ ሰማያዊው ክብ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ቢላ አንስቼ ጉበቱን ለሁለት ከፈልኩት። መሃሉ ከሰል፣ ዙሪያው ግራጫ ደረቅ ቀለበት፣ ከዚያ ወዲያ ቀይ ጥሬ። የግራጫው ዳርቻ ስክሪኑ ላይ ካየሁት ሰማያዊ ጋር ይቀራረባል። ከነጩ ደመና ጋር ግን አይገናኝም።

ማሽኑን ለመስደብ ልቤ አይፈቅድም። የተጣላሁት ከሻጩ አፍ ጋር ነው። የጉበት ካንሰር በብዛት የሚወጣው ሲሮሲስ (የጉበት ጠባሳ) ባጠነከረው ጉበት ላይ መሆኑን አልነገረኝም። ዙሪያው ራሱ ጠንካራ ከሆነ፣ ሰማያዊ በሰማያዊ ላይ ምኑ ይለያል? ጤነኛ በሬ ላይ ያማረው ቀለም እዚያ ይደበዝዛል። የእኔው ቁጥርም አይሰጥም፤ ጥንካሬን በኪሎፓስካል የሚለካው፣ የራሱን ሞገድ የሚልከው ዓይነት ሌላ ነው። ደግሞስ ጠነከረ ማለት እጢው ሞቷል ማለት ነው እንዴ? እሱን የሚያረጋግጠው ዛሬም በኮንትራስት (በደም ሥር በሚሰጥ ምስል አጉሊ መድኃኒት) የሚነሳ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ነው።

ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ የማሽኑንና የኢላስቶግራፊውን ዋጋ ለየብቻ ጠይቁ። እኔ የጡት እብጠት ስመረምር ስለምጠቀምባት ብሬ አይቆጨኝም። ለጉበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን በዚያ ብር አንድ ተጨማሪ ፕሮብ እገዛበት ነበር።