ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥላ የማይገኝበት ማረፊያ

ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ከሽመንደፈር፣ ማለት ከባቡር ሥራዬ በጡረታ ከተገለልኩ ጀምሮ እነሆ አሥራ አንድ ዓመት፣ እዚሁ ድሬዳዋ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አጥር ጥግ ጠረጴዛ ዘርግቼ የሰው ጉዳይ እጽፋለሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ነገ ጠረጴዛህን አንሣ ቢሉኝ የምሄድበት የለኝም። አምና በግቢው ውስጥ «ዘመናዊ የባለጉዳዮች ማረፊያ» ተሠርቶ ሪባን ተቆረጠ፤ የአገልግሎት መስጫው አዳራሽም አብሮ ታደሰ። የመረቁት እንግዶች ግፋ ቢል ሃያ ደቂቃ ቆዩበት። እኔ ግን ከእሑድና ከበዓል በቀር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ እስከ 11 ሰዓት አጠገቡ ነኝ። ምስክር ከተፈለገ እኔ አለሁ።

መልኩ ያምራል፤ አልክድም። ስምንት ቀጫጭን የብረት ምሰሶዎች አሉት፤ በላያቸው እንደ አሞራ ክንፍ ወደ ሰማይ የተዘረጋ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከሥር ነጭና ግራጫ የድንጋይ ንጣፍ። ከአስፋልቱ ላይ ሆነው ሲያዩት ሊበር የተነሣ ይመስላል። ሙሽሮች እንኳ ፎቶ ሊነሡበት ሁለት ጊዜ መጥተዋል። ድንጋዩን ያነጠፈው ሰው እጁ ይባረክ፤ አንድ ክረምት አልፎበት አንዲት ጠርብ አልተነቃነቀችም።

ጣጣው የሚመጣው ሰው ሲቀመጥበት ነው።

ክንፉ የተዘረጋው ወደ ምዕራብ ነው። ለምን ቢባል ዋናው በርና መንገዱ በዚያ በኩል ስለሆኑ፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው ነው። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ናት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ ማብቂያ አካባቢ፣ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። ከዚያ በመካከል ባሉት ወራት በሰሜን በኩል፣ በቀሩት ወራት በደቡብ በኩል ታልፋለች። በሁለቱም አቅጣጫ እኩለ ቀን ላይ ከፍ ብላ ስለምታልፍ መጠነኛ ክፈፍ ይመልሳታል። ክፉዋ የጠዋቷና የማታዋ ናት፤ ዝቅ ብላ ከጎን ስለምትመጣ ጣሪያ አያግዳትም። እንግዲህ በእኛ አገር ረጅሙን ጎን ለሰሜንና ለደቡብ፣ አጭሩን ለምሥራቅና ለምዕራብ መስጠት ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ በቀፊራ ገበያ ዕቃ ዘርግታ የምትሸጥ ሴት ከሰዓት በኋላ ጆንያዋን ወዴት እንደምትሰቅል ማየት ይበቃል። እዚህ ግን አሥራ አራት ሜትር የሚሆነው ረጅሙ ጎን ለምዕራብ ተሰጠ።

ስለዚህ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ ከጣሪያው ሥር ገብታ የመጀመሪያውን ረድፍ ወንበር ትይዛለች። 9 ሰዓት ላይ ሁለተኛውን፣ 10 ሰዓት ሳይሞላ ሁሉንም። ባለጉዳዩ እንደ ተሸነፈ ጦር ረድፍ በረድፍ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ መጨረሻ ላይ የሚገኘው የጥበቃው ቤት ግድግዳ ሥር ተደርድሮ ነው። ወንበሮቹ ደግሞ ብረት ናቸው፣ በቀዳዳ ያጌጡ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ዓይነት። በግንቦት አንዲት እናት ሕፃን ልጃቸውን ቢያስቀምጡበት ጊንጥ እንደ ነደፈው ዘሎ ተነሣ። እኔም ጠረጴዛዬን ወደዚያ ላዛውር አስቤ ሁለት ቀን ሞክሬው ነበር። በሁለተኛው ቀን የማተሚያ ማሽኔ ወረቀት መዋጥ ጀመረ፤ እኔም ተናድጄ ወደ አጥሬ ተመለስኩ።

የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ የሕንጻ ንድፍ ትማራለች። ለፋሲካ ስትመጣ እጇን ይዤ ወሰድኳትና «እስቲ ይህን እይልኝ» አልኳት። ከሥሩ ቆማ ቀና አለች፤ ጥቂት ቆየችና፣

«ጋሼ፣ ይህ እኮ ምጣድ ነው» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እሳቱ ከላይ የሆነ ምጣድ። አንድ ንብርብር ቆርቆሮ ብቻ ነው፤ ኮርኒስ የለው፣ ከበላዩ ሌላ ጥላ የለው። ፀሐይዋን ከላይ ይቀበልና ሙቀቱን ወደ ታች ይለቀዋል። እርስዎ ጥላ ውስጥ ያሉ ይመስልዎታል እንጂ የተቀመጡት ምጣድ ሥር ነው።»

ከዚያ ስልኳን አውጥታ የአንድ የቡርኪና ፋሶ ሰው ሥራ አሳየችኝ፤ ፍራንሲስ ኬሬ ይባላል። በሕንጻ ንድፍ ትልቁ የሚባለውን የፕሪትዝከር ሽልማት በ2022 እ.ኤ.አ. ሲያገኝ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። ስሙን ያስጠራው በተወለደበት መንደር በጋንዶ የሠራው፣ በ2001 እ.ኤ.አ. ያለቀ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ግድግዳው የሸክላ ጡብ፣ ኮርኒሱም ጡብ፤ ቆርቆሮው ደግሞ ከኮርኒሱ ላይ አልተለጠፈም፤ በፌሮ በተበየደ ቀጭን አጽም ላይ ከፍ ብሎ ለብቻው ቆሟል። በሁለቱ መካከል ነፋስ ያልፋል። ቆርቆሮው የቱንም ያህል ቢግል ግለቱ ልጆቹ ዘንድ ሳይደርስ በመካከል ይወሰዳል፤ ከክፍሉ የሚወጣው ሙቅ አየርም በኮርኒሱ ክፍተት አልፎ ይሄዳል። እኔ ፎቶውን ሳይ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ቆርቆሮው እኛ ዘንድ ያለው ቆርቆሮ ነው፤ ፌሮውም ሳቢያን ካሉት መደብሮች የማይጠፋ ፌሮ። በየጋራዡ ብረት የሚበይዱት ልጆቻችን የማይሠሩት ምንም የለበትም።

ይኸው ሰው በ2017 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሰርፐንታይን በሚባለው የሥዕል ማሳያ ግቢ የበጋ ማረፊያ ሠርቷል። እዚያ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የክረምት ብርዳቸው ሲያልፍ ለጥቂት ወራት የሚቆም ዳስ ያሠራሉ። ኬሬ ሐሳቡን የወሰደው መንደሩ ውስጥ ሰው ከሚሰበሰብበት ዛፍ ነው አለችኝ፤ ጣሪያው እንደ ዛፍ አናት ሰፊ፣ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ወደ መሐል ተሰብስቦ በክፍቱ ይወርዳል። ይህን ስትነግረኝ ሳቄ መጣ። እኛ ግቢ ውስጥ ሦስት የኒም ዛፎች ነበሩ። ሁለቱ የተቆረጡት ለማረፊያው ቦታ ለመልቀቅ ነው።

ስለ ዝናብ ካነሣን አይቀር፣ ያ ሁሉ ጣሪያ አሸንዳ የለውም። ክንፍ ነዋ! አሸንዳ ቢደረግበት መልኩ ይበላሻል ተብሎ ይሆናል። ውሃው ከክንፉ ተሰብስቦ የሚወርደው በአንድ ጎን፣ ያውም ሰው በሚገባበት በኩል ነው። በነሐሴ ዶፍ ሲወርድ ከማረፊያው መውጣትም መግባትም የሚቻለው በፏፏቴ ሥር አልፎ ነው። የዚህች ከተማ ሰው ውሃን አቅልሎ አያይም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሲወስድ ብዙዎቻችን እዚሁ ነበርን። የአንድ ማረፊያ ጣሪያ ውሃ ከዚያ ጋር አይነጻጸርም፤ ግን ድሬዳዋ ላይ ንድፍ የሚያወጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ «ውሃው በየት ይሄዳል?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ፀሐዩንም ዝናቡንም ችሎ የሚቀመጥ ሰው አይጠፋም ነበር። ማረፊያውን ባዶ ያስቀረው ሌላ ነው፤ ከአዳራሹ በር አርባ እርምጃ ይርቃል። ቆጥሬዋለሁ። በመካከሉ የመኪና ማቆሚያ አለ፤ ከጎኑ ጀነሬተሩ። ስም የሚጠራው ወጣት በበሩ ብቅ ብሎ አንድ ጊዜ ይጣራና ይመለሳል። ጀነሬተሩ ሲያጓራ፣ ባጃጁ ሲያልፍ ድምፁ ተውጦ ይቀራል። ከመልካ ጀብዱ የመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ የይዞታ ጉዳያቸውን የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። ሕግ አክባሪ ሰው ስለሆኑ «ማረፊያው ለዚሁ አይደለም እንዴ?» ብለው ሄደው ተቀመጡ። ስማቸው ተጠርቶ አለፈ። ከምሳ በኋላም ደግሞ አለፈ። በማግሥቱ ሲመጡ አልተቀመጡም፤ እንደ ሌላው ሕዝብ በሩ ላይ ተጋፍተው ቆሙ። ከዚያ ወዲህ ለደንበኞቼ ሁሉ «እዚያ እንዳትቀመጡ» ማለት የሥራዬ አንድ ክፍል ሆኗል። ከማረፊያው ሆኖ በሩ ቢታይ፣ ድምፁ ቢሰማ፣ ግማሹ ሕዝብ ፀሐዩን ይቅር ይለው ነበር። ንድፉን ያወጣው ሰው ምሰሶዎቹን ሲያሰላ ሰዎቹ ምን እየጠበቁ እንደሚቀመጡ የጠየቀ አይመስለኝም።

ወደ አዳራሹ ልግባ። የድሮው ቤት ፊት ለፊቱ ሰፊ በረንዳ ነበረው። በእድሳቱ ጊዜ ያ በረንዳ አዳራሹን ለማስፋት ተብሎ ከወለል እስከ ጣሪያ በሰማያዊ መስታወት ተዘጋ። መስታወቱ አይከፈትም። እርሱም ወደ ምዕራብ ያያል። ኤር ኮንዲሽነሩ ሲሠራ እሰየው፤ መብራት ሲጠፋ ግን ጀነሬተሩ የሚያነሣው ኮምፒውተሮቹን ብቻ ስለሆነ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሠራተኛውም ባለጉዳዩም በፋይል ሽፋን ይራገባል። ሙቀቱ የሰው ጠባይ ይለውጣል። ጠዋት «አባቴ» የሚለኝ ልጅ ከሰዓት በኋላ ቀና ብሎ አያየኝም፤ አልፈርድበትም።

እኔ በወጣትነቴ የሠራሁት ከዚራ በሚገኝ የባቡር መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ እዚህ ሲደርስ ከተማችን ተቆረቆረች፤ ፈረንሳዮቹም የሠሩት ቤት ወፍራም ግድግዳ፣ ከሁለት ሰው ቁመት በላይ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ በሮችና ዙሪያውን በረንዳ ያለው ነበር። ለእኛ አዝነው አይደለም፤ እነርሱም ስለሚያልባቸው ነው። የአንድ ቬንትሌተር እርዳታ ይበቃን ነበር። በረንዳውን በመስታወት ዝጉት የሚል ሰው ያን ጊዜ ቢመጣ ታሟል ብለን ሐኪም ቤት እንወስደው ነበር።

ሌላው የአዳራሹ ነገር መስኮቶቹ ናቸው፤ ማለቴ ባለጉዳይ የሚስተናገድባቸው። አራት ናቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚሠራው አንዱ ነው። መስታወቱ ላይ ያለው ቀዳዳ የተሠራው ለተቀመጠው ሠራተኛ አፍ ልክ ነው። ቆሞ ለሚያናግረው ሰው የሚደርሰው እምብርቱ ጋ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ፣ አንገቱን አጣሞ፣ በቀዳዳው ይለምናል። ወገባቸውን የሚያማቸው እናቶች አንድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲናገሩ ማየት ያሳፍራል። የእህቴ ልጅ ይህን ስታይ በማሊ ስለሚኖሩ ዶጎን ስለሚባሉ ሕዝቦች ነገረችኝ። ሽማግሌዎቻቸው የሚመክሩበት ቶጉና የሚሉት ዳስ አላቸው፤ የማሽላ ዓይነት አገዳ ተነባብሮ የተሠራ ወፍራም ጣሪያ፣ ግን በጣም ዝቅ ያለ፣ ቀጥ ብሎ መቆም የማይቻልበት። ተቆጥቶ ብድግ የሚል ሰው አናቱን ስለሚመታው ሁሉም ተቀምጦ ይነጋገራል። እዚያ ዝቅታው ለሁሉም እኩል ነው። እኛ ዘንድ የሚጎነበሰው ባለጉዳዩ ብቻ ነው። ሁለት ወንበር ከመስኮቱ ፊት ቢቀመጥ ነገሩ በአንድ ጠዋት ይስተካከላል፤ አናጺ እንኳ አያስፈልገውም።

ሽንት ቤቱ አለ፤ ብዙ ጊዜ ቁልፉ የለም። ወደ አዳራሹ ሦስት ደረጃ መውጣት ግድ ነው፤ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን መወጣጫ ስለሌለ ክራንች ይዘው የሚመጡትን ዘበኛው እየደገፈ ያስገባቸዋል። ዘበኛው ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን ደግነት በንድፍ ውስጥ የሚጻፍ ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚወደደው ማንም ያላሰበው ነገር መሆኑ ያስቀኛል። ማረፊያውን ከአበባው መደብ የሚለይ ዝቅተኛ የድንጋይ ግንብ አለ፤ ቁመቱ ለጉልበት ትንሽ የሚጎድል፣ ስፋቱ ሁለት ስንዝር። የተሠራው አፈሩ እንዳይናድ ነው። ከምሥራቅ በኩል ስለሆነ፣ ያልተቆረጠውም ኒም ስለሚያጠላው፣ ከሰዓት በኋላ የግቢው ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ድንጋዩ እንደ ብረቱ አያቃጥልም። ሳምቡሳ የምትሸጠው ልጅም ይህን ካወቀች ቆይታለች፤ ቅርጫቷን የምታስቀምጠው እዚያ ነው። ከዚያ ላይ ሆኖ የአዳራሹ በር ይታያል።

ነጥብ ስጥ ከተባልኩ ለድንጋይ አንጣፊው ከ10 ዘጠኝ፣ ለማረፊያው ሦስት፣ ለአዳራሹ ሁለት እሰጣለሁ። ለግንቡ ሰባት፤ ሦስቱን የቀነስኩት መደገፊያ ስለሌለው ነው።

በየካቲት ይህንኑ ሁሉ በአንድ ገጽ ማመልከቻ ጽፌ አስገብቻለሁ። የጠየቅኳቸው ነገሮች አራት ናቸው፤ በምዕራቡ ጎን የሰሌን ወይም የሸራ መጋረጃ፣ ከቆርቆሮው ሥር ክፍተት የተተወለት ኮርኒስ፣ አሸንዳ፣ ስም ለሚጠራው ልጅ ድምፅ ማጉያ። ለራሴ ስለሆነ የጽሕፈት ዋጋ አላስከፈልኩም። መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጥቶ ተቀብሎኛል፤ ማክሰኞ ተመለስ ተብያለሁ፣ ማክሰኞዎቹ ግን እስካሁን እየተከተሉ በመምጣት ላይ ናቸው።

እስከዚያው ወደዚህ የምትመጡ ከሆነ ከ3 ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ጥላ ይዛችሁ ኑ። ፎቶ ኮፒ ከግቢው ውጭ ነው። ብረት ወንበር ላይ አትቀመጡ፤ ግንቡ ላይ ቦታ ካጣችሁ አጥሩ ጥግ ወዳለው ጠረጴዛ ኑ፣ ሁለት በርጩማ አለኝ።