የሐሩር ደን ጉዞ፦ በደረቁ ወቅት ወይስ በዝናቡ?

ትልልቅ አራዊት ለማየት ከሆነ ደረቁ ወቅት ይሻላል። ውኃ ሲያንስ እንስሳቱ በቀሩት ኩሬዎችና ወንዞች ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ቅጠሉም ስለሚሳሳ ርቆ ማየት ይቻላል። ጎህ ሲቀድ ውኃው አጠገብ ዝም ብሎ መቀመጥ ቀኑን ሙሉ ከመዞር ይበልጣል። ነፋሱ ከእንስሳቱ ወደ እርስዎ እንዲነፍስ ሆነው ይቀመጡ፤ ጠረንዎ ከቀደመዎት አንድም አይቀርብም። በሙቀቱ ለመጓዝ በሰዓት ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል። ማረፊያ ቶሎ ስለሚሞላ አስቀድመው ይያዙ።

በዝናቡ ወቅት ጎብኚ ያንሳል፤ እንቁራሪቶችና ነፍሳት ግን ይበዛሉ፣ ለእነሱ ብቻ እንኳ መሄድ ያስመኛል! ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ማልደው ወጥተው እስከ እኩለ ቀን ይመለሱ። ትልቁ አደጋ ጅረት ነው፤ ዝናቡ ከጅረቱ በላይኛው በኩል ሲጥል እርስዎ ያሉበት ደረቅ ሆኖ ሳለ ውኃው በድንገት ይሞላል። ከጉልበት በላይ ከደረሰ ወይም ከደፈረሰ እስኪጎድል ይጠብቁ። ለአልቅት ሱሪዎን ካልሲ ውስጥ ይክተቱ። የጥጥ ልብስ እርጥበት ይዞ ቆዳ ስለሚልጥ አይልበሱ።

የወባ መከላከያ በሁለቱም ወቅት ያስፈልግ ይሆናል፤ አንዳንዱ መድኃኒት ከጉዞው ሳምንታት በፊት ስለሚጀመር ሐኪም ዘንድ ቀደም ብለው ይሂዱ።