ኤር ስፔድ በአሮጌ ፓርክ ውስጥ፦ የሚሠራውና የማይሠራው

ዕድሜ ጠገብ ፓርክ ውስጥ ያለ ትልቅ ዛፍ ጫፉ መድረቅ ሲጀምር ብዙ ጊዜ መድኃኒት ይረጭበታል፣ ቅርንጫፉም ይከረከማል። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከሥር ነው። ውሃና ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች የሚበዙት በላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ሲሆን፣ የሰው እግርና የጥገና መኪና ጎማ የሚጠቀጥቀውም ይህንኑ ክፍል ነው። ሸክላማ አፈር በኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ከ1.47 ግራም በላይ፣ አሸዋማው ደግሞ ከ1.80 ግራም በላይ ከከበደ ሥር ሰብሮ መሄድ ያቅተዋል። አፈሩን መክፈት የግድ ነው፤ በዶማ ከተከፈተ ግን ሥሩም አብሮ ይቆረጣል።

ኤር ስፔድ የሚባለው በአየር ግፊት አፈር የሚቆፍር የእጅ መሣሪያ የተሠራው ለዚህ ነው። ከኮምፕሬሰር የሚመጣውን የታመቀ አየር በነሐስ አፍንጫ አጥብቦ ከድምፅ ፍጥነት እጥፍ ገደማ በሆነ ፍጥነት ያወጣዋል። አየሩ ወደ አፈሩ ቀዳዳዎች ገብቶ ሲስፋፋ ጓሉ እንደ ፈንዲሻ ከውስጥ ይፈነዳል። ሥር፣ ድንጋይና ቧንቧ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ስለሌላቸው ባሉበት ይቀራሉ። ታሪካዊ ፓርክ ውስጥ ደግሞ ይህ ድርብ ጥቅም አለው፤ የተቀበረ የጡብ የውሃ መውረጃ ወይም የቀድሞ መንገድ ጠጠር ሳይሰበር ብቅ ይላል። አካፋ ግን መጀመሪያ ይሰብረዋል፣ ከዚያ ነው የሚታየው። ምን እንደተገኘ ፎቶ አንስቶና ለክቶ ሳይመዘግቡ መልሶ መሸፈን ግን ያሳፍራል።

ገዢዎችን የሚያስቸግረው መሣሪያው ሳይሆን ኮምፕሬሰሩ ነው። አፍንጫዎቹ በአየር ፍጆታ የተለያዩ ናቸው፤ በ6.2 ባር ግፊት ትንሹ የተለመደ አፍንጫ በደቂቃ 1.7 ኪዩቢክ ሜትር፣ ለዛፍ ሥራ የሚመረጠው 4.2፣ ትልቁ ደግሞ 6.4 ኪዩቢክ ሜትር አየር ይጠጣል። ጎማ የሚነፋው የጋራዥ ኮምፕሬሰር ለዚህ አይሆንም፤ ጋኑ በሰከንዶች ያልቅና አቧራ ብቻ ሲያቦን ይውላል። በመኪና የሚጎተተው፣ በደቂቃ 5.2 ኪዩቢክ ሜትር የሚሰጠው የተለመደ ዓይነት ለመካከለኛው አፍንጫ ይበቃል። የግፊት መለኪያውን (ጌጁን) ማየት ያለባችሁ ቃታው ተጭኖ አየር እየወጣ ሳለ ነው፤ ቃታው ሳይጫን የሚነበበው ቁጥር ያታልላል። አየሩን ከኮምፕሬሰሩ የሚያመጣው የጎማ ቱቦ የውስጥ ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትር ካልሆነና በጣም ከረዘመ ግፊቱ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ «መሣሪያው ደካማ ነው» ይባላል። በየመጋጠሚያው የደኅንነት ገመድ ይታሰር፤ ግፊት እያለ የተፈታ ቱቦ ሰው ይጥላል።

ይህ ኮምፕሬሰር ቶን የሚጠጋ ክብደት አለው። አፈር ለማላላት ተብሎ ዛፉ ጥላ ሥር ድረስ ከተጎተተ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከሽፏል። የጠጠር ወይም የአስፋልት መንገዱ ላይ ቆሞ ቱቦው ብቻ ይግባ።

የአፈሩ እርጥበት ውጤቱን ከምንም በላይ ይወስነዋል። የደረቀ ሸክላማ አፈር እንደ ልብ አይከፈትም፣ አቧራውም ዓይን አያስገልጥም። የራሰው ጭቃ ሆኖ ይረጫል፣ የተቆፈረውም ጠርዝ ተለስኖ ይቀራል። ከሥራው አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት በደንብ አጠጥቶ እንዲሰርግ መተው ይሻላል፤ በእጅ ሲጨበጥ የሚያያዝ፣ በጣት ሲነካ የሚፈርስ አፈር ትክክለኛው ነው።

ሥራው ከግንዱ እግር ይጀመራል። በአሮጌ ፓርኮች ለዓመታት የተደፋ አፈርና ጉዝጓዝ የግንዱን ሰፋ ብሎ ወደ ሥር የሚለወጥበትን ክፍል ይቀብረዋል። ግንዱ መሬት ሲነካ ሳይሰፋ ቀጥ ብሎ ከገባ የተቀበረ ነው ማለት ይቻላል። አፍንጫውን ወደ ቅርፊቱ ሳያዞሩ፣ ከግንዱ ወደ ውጭ እየጠረጉ ዋናዎቹ ሥሮች እስኪታዩ መግለጥ ነው። እዚህ ላይ ግንዱን ዞሮ የሚያንቅ ሥር ይገኛል። ቀጭኑ በመጋዝ ወይም በመሮ ይቆረጣል፤ ወፍራም ከሆነና ዛፉ በእሱ ላይ የሚቆም ከመሰለ ግን በአንድ ጊዜ አይነካም፣ የዛፍ ባለሙያ አይቶት በየዓመቱ ቀስ እየተባለ ይወሰናል።

ከዚያ ወደ ውጭ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦዎች ከግንዱ ወደ ውጭ የሚሄዱ ቦዮች ማውጣት ነው፤ ከግንዱ የዲያሜትሩን ሦስት እጥፍ ርቀው ተጀምረው እስከ ጥላው ጠርዝ የሚዘልቁ፣ ስፋታቸውም ጥልቀታቸውም ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር። ሁለተኛው ሙሉውን ስፍራ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር መበተን ነው። ሁለተኛው ለእይታ ያምራል፣ ለተዳከመ ሽማግሌ ዛፍ ግን አይመከርም። ሥሩ የማይቆረጥ ቢሆንም ጸጉር የመሰሉት ጫፎች ይጎዳሉ፤ ግማሹን ዘንድሮ፣ ግማሹን ለከርሞ መሥራት ብልህነት ነው። የተገለጠ ሥር ፀሐይ ላይ በደቂቃዎች ስለሚደርቅ እርጥብ ጆንያ ከጎን ተዘጋጅቶ ይጠብቅ፣ የተከፈተውም በዚያው ቀን ይሸፈን።

የሚጨመረው ላይ ብዙ ስህተት አለ። 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፖስት ከላይ ተዘርግቶ በአየሩ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ይደባለቃል፤ ለ100 ካሬ ሜትር 5 ኪዩቢክ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ በላይ ሲጨመር ብስባሹ እያለቀ መሬቱ ይሰምጣል። ዓላማው አገር በቀል ደን መመለስ ከሆነ ከፍግ የተሠራ ኮምፖስት አይመረጥም፤ ናይትሮጅን የበዛበት መሬት ከችግኙ ይልቅ አረሙን ይጠቅማል። የበሰበሰ የዛፍ ቅጠል ይበቃል። በላዩ ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር የተፈጨ ቅርንጫፍ፣ ከግንዱ 15 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ይጎዝጎዝ። (ከዚሁ ሥራ ጋር እየተያያዘ የሚሸጠው ሥርን ይረዳል የሚባል በከረጢት የታሸገ የፈንገስ ዱቄት ውጤቱ አስተማማኝ ስላልሆነ ገንዘቡ ለጉዝጓዝ ቢውል ይሻላል።)

ደካማ ጎኖቹም አሉ። የመጀመሪያው አቧራ ነው። የአሮጌ ከተማ አፈር ለአሥርተ ዓመታት ከቤንዚንና ከቀለም የወረደ እርሳስ (ሌድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ይችላል፤ ይህ መሣሪያ ደግሞ ያንን አፈር ሰው በሚተነፍስበት አየር ላይ ይበትነዋል። አፈሩ አስቀድሞ በላቦራቶሪ ይመርመር፤ እርሳስ ከተገኘ በአየር መቆፈር ይቅር። ንጹሕ ቢሆንም ሠራተኛው የአቧራ ማስክ፣ መነጽር፣ የፊት መከለያና የጆሮ መከላከያ ያስፈልገዋል፤ ጠጠር ስለሚፈናጠር ዙሪያው በሸራ ወይም በፕላይዉድ ይከለል፣ መንገደኛም ይራቅ። ዘንጉ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ፋይበርግላስ መሆኑ መልካም ነው፤ ይህ ግን የመሬት ውስጥ መስመሮችን ካርታ ሳያዩ ለመቆፈር ፈቃድ አይደለም።

ሁለተኛው አረም ነው። አፈር ሲገለበጥ ለዓመታት ተቀብሮ የኖረ ዘር ብርሃን ያያል፣ መጤ ወራሪ ተክሎችም ቀድመው ይበቅላሉ። ጉዝጓዙ በዚያው ዕለት ካልለበሰ ቀጣዮቹ ወራት በአረም ነቀላ ያልፋሉ። ዳገታማ ቦታ ላይ ዝናብ ሊመጣ ሲል መሥራት ደግሞ አፈሩን ለጎርፍ ማስረከብ ነው፤ እዚያ ቦዮቹ አጫጭርና ከዳገቱ አግድም ይሁኑ።

ሥራው መሳካቱን በዓይን ማወቅ አይቻልም። ዲያሜትሩ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀለበት መሬት ውስጥ በጥቂቱ ተመትቶ 444 ሚሊ ሊትር ውሃ ይፈስበታል፤ ይህ 2.5 ሳንቲ ሜትር ዝናብ ማለት ነው። እስኪሰርግ የወሰደው ጊዜ ከሥራው በፊት፣ ከሥራው በኋላና ከዓመት በኋላ በዚያው ቦታ ይመዝገብ። የዓመቱ ቁጥር ወደ ቀድሞው ከተመለሰ ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም፤ ሰው እንደገና ረግጦታል። አጥርና ሰውን የሚመራ መንገድ ሳይኖር ኤር ስፔድ መግዛት ገንዘብ ማፍሰስ ነው። የፓርክ ነዳፊዎቹ ኦልምስተድና ቮክስ በነደፉት፣ በኒው ዮርክ ከተማ ብሩክሊን በሚገኘው ፕሮስፔክት ፓርክ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሸለቆው ደን እድሳት ሲጀመር ቦታው ለጎብኚ ተዘግቶ ነበር።

መግዛት ወይስ መከራየት? መሣሪያው ራሱ ቀላል ነው፤ የሚንቀሳቀስ ክፍሉ ጥቂት ስለሆነ ቱቦውና መጋጠሚያው ነው ቀድሞ የሚያረጀው። ወጪው ያለው ኮምፕሬሰሩ ላይ ነው። ኮምፕሬሰር ያለው ፓርክ መሣሪያውን ይግዛ። የሌለው ደግሞ ሁለቱንም ከነባለሙያው ለጥቂት ቀናት ተከራይቶ፣ ዛፎቹን በቅደም ተከተል ዘርዝሮ፣ ኮምፖስቱንና ጉዝጓዙን ቀድሞ ቦታው ላይ አከማችቶ ይጠብቅ፤ ኮምፕሬሰር ተከራይቶ የቅርንጫፍ ጭነት ሲጠባበቅ የሚውል ፓርክ ኪራዩን ከንቱ አስቀረ።